ከዘፋኙ በታች ያለው ድምፅ፦ ከይፋት ቆላ እስከ ኢትዮ-ጃዝ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ጋብ የሚለው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ያኔ በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ወንበራቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ፣ የጭነት መኪኖች ይቆማሉ፣ ሙዚቃ ይከፈታል። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ግጥሙ አይሰማውም፤ ዜማውም ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። ግድግዳ አልፎ የሚደርሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፦ ዱም... ዱም ዱም። ቤዙ። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያ ብቻ ተነስቶ «ይሄማ ማህሙድ ነው» ይላል።

ልክ ነው፤ ማህሙድ ነው። ግን ዘፈኑን ያስለየው ቤዝ የማን ነው?

በዓለም ዙሪያ ጃዝ የሚማር ቤዝ ተጫዋች ከነስማቸው የሚያጠናቸው መስመሮች አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1959 በተቀዳው የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ዜማውን የሚያወጣው ቤዙ ነው፤ የተጫወተው ፖል ቻምበርስ ነው። ትንፋሾቹ በሁለት ድምፅ ብቻ ይቀበሉታል፣ ልክ መንዙማ ላይ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እንደሚመልሰው። በ1964 መጨረሻ በተቀዳው የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ውስጥ ጂሚ ጋሪሰን አራት ድምፆች ብቻ ይደጋግማል፤ የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ በእነዚያ አራት ድምፆች ላይ ይቆማል። ቻርልስ ሚንገስ ደግሞ «ሄይሺያን ፋይት ሶንግ»ን የሚከፍተው ብቻውን በቤዝ ነው። የእኛም ወጣቶች እነዚህን ይለማመዳሉ። መልካም ነው። የሚያሳዝነው የራሳቸውን አለማወቃቸው ነው።

የራሳችን የሚባል አለ ወይ? አለ፤ ከቤዝ ጊታርም ይቀድማል።

ወፍራም ድምፅን እየደጋገሙ ሰውን ማሰብ ውስጥ ማስገባት በገና የኖረበት ሥራ ነው። አሥር አውታር አለው፤ በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። ደርዳሪው አንዲት አጭር ምልልስ ይይዛል፤ አይለቃትም፤ ቃሉን በእሷ ላይ ያወርዳል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ደግሞ በመንዙማው ይህን ሥራ የሚሠራው ድቤ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከታች የሚመላለስ ነገር ይኑር፣ ሰው ከላዩ ይናገር።

ዘመናዊው ሙዚቃ ሲመጣ የታችኛው ድምፅ መጀመሪያ የተሰጠው ለትልልቅ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች»፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የማርሽ ባንድን መሠረት ጣሉ። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ። አሜሪካ ውስጥ ሊዮ ፌንደር በ1951 ቤዝን በኤሌክትሪክ ጊታር መልክ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ተሸክመውት የሚሄዱት፣ በአምፕሊፋየር የሚጮኽ ቤዝ መገኘቱ በየሆቴሉ ለሚሠሩ ትንንሽ ባንዶች ትልቅ ነገር ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲከፍት ቤዝ ጊታር አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ። በጃዝ የተለመደው ቤዝ «ዎኪንግ» የሚባለው ነው፤ በየምቱ አንድ ድምፅ እየረገጠ ደረጃ በደረጃ ይራመዳል። የእኛ ቅኝት ግን ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ውበቱ ያለው በሚዘለሉት ድምፆች ላይ ነው። ትዝታን እንውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲ የለም። ቤዙ ክፍተቱን ሁሉ እየሞላ ከተራመደበት ትዝታነቱ ይጠፋል። አምባሰል ላይ ከዶ አጠገብ ሬ ፍላት አለች፤ የግማሽ ድምፅ ርቀት ናት፣ ሆድ የምታባባውም እሷ ናት። አንቺ ሆዬ ይባስ ይከብዳል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ቤዝ ተጫዋች በዓለም ሁሉ የሚደገፍበት አምስተኛው ድምፅ፣ ሶል፣ በውስጡ የለም። ተጫዋቹ በአራተኛው፣ በፋ፣ መደገፍ አለበት፤ አለዚያ ቅኝቱን ያፈርሰዋል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መልስ የበገናው መልስ ነበር፦ አትራመድ፣ ተመላለስ። አጭር ሐረግ ያዝ፣ ከቅኝቱ አትውጣ፣ ችክችካውን ጠብቅ። ጂማ ተወልዶ በእንግሊዝና በቦስተኑ በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፁን ዜማ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ሃርመኒ ከሚጠቀመው ጃዝ ጋር ሲያጋባ፣ ጋብቻው ጸንቶ የቆመው እንዲህ ባለ ቤዝ ላይ ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ላይ የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ወይም «የከርሞ ሰው»ን የሰማ ሰው ጆሮውን ወደ ታች ይጣል። ቪብራፎኑና ሳክስፎኑ እንደልባቸው የሚንሸራሸሩት ከታች ያለው ስለማይነቃነቅ ነው።

አሁን ወደ ሮቢቱ ጥያቄ እንመለስ። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 ሲቀዳ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ይባላል። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የዘመኑን እጅግ ብዙ ካሴቶች አጀበ። ስለዚህ በደሴ መስመር አውቶቡስ ውስጥ ካሴት እየሰማ ያደገ ሰው፣ ስሙን ሳያውቅ የጆቫኒን ጣቶች ያውቃል። በ1977 በወጣው የዋሊያስ ባንድ «ጨበለው» አልበም፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት፣ የባንዱ ቤዝ መላከ ገብሬ ነበር። የ«ሙዚቃዊ ስልት» ቤዝ ዛሬ በውጭ አገር መድረኮች ጭምር ይጫወቱታል።

እነዚህ ሰዎች የሠሩበት ዘመን ቀላል አልነበረም። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ዋሊያስ ሂልተን ሆቴል ውስጥ በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚውም ከመንጋቱ በፊት መውጣት አይችልም። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኋላም አገር ቤት ኪቦርድ የባንድን ቦታ ሲይዝ የቤዙ ሥራ ለግራ እጅና ለማሽን ተሰጠ። ለአንድ ትውልድ ያህል ቤዝ መማር የፈለገ ልጅ ቆሞ የሚያየው ሰው አነሰው። በ1984 አሜሪካ ውስጥ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ካወጡት የአድማስ አባላት አንዱ የሆነው ቤዝ ተጫዋቹ ሄኖክ ተመስገን፣ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ማስተማሩ ዋጋው የሚገባን ይህን ስናስብ ነው።

ታዲያ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ቤዝ ተጫዋች ሊያውቀው የሚገባው ምንድን ነው? «ሶ ዋት»ንና «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ይወቅ። ከእነሱ እኩል «ኧረ መላ መላ»ን፣ «የከርሞ ሰው»ን፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ይወቅ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ከእያንዳንዳቸው የጎደለውን ድምፅ ጨምሮ ይወቅ። የተጫዋቾቹንም ስም ይወቅ። በሸክላው ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነውና፣ የቤዙን ስም ካልተጠራ ማንም አያስታውሰውም።

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በሰንበቴ፣ በአጣዬ፣ በከሚሴ አልፎ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ባቲ፣ በደሴና በሐይቅ በኩል ቢቀጥል አምባሰል ይደርሳል። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም በዚሁ መንገድ ጫፍ ላይ ያለ አገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይህ መንገድ ሙዚቃ አልነበረውም። ዛሬ ማታ ከመንገዱ ማዶ ያ ወፍራም ድምፅ ከተሰማ፣ አንደኛ፣ ደግ ምሽት ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ «ይሄ ማህሙድ ነው» ያለው ሰው አንድ ስም ይጨምርበት፦ «ቤዙ ደግሞ ጆቫኒ ነው።»