ከ10 ወደ 60፦ የጃፓን እግር ኳስ ሊግ መስፋፋትና የአንድ ክለብ መጥፋት

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ድል የተቀዳጀበት የቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ከ29 ዓመታት በኋላ፣ ሜይ 15 ቀን 1993፣ በዚያው ስታዲየም 59,626 ተመልካች በተገኘበት ጨዋታ ዮኮሃማ ማሪኖስ ቬርዲ ካዋሳኪን 2 ለ 1 ረታ። የጃፓን የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ፣ ማለትም ጄ ሊግ፣ የተከፈተው በዚህ ጨዋታ ነው። በ10 ክለቦች የተጀመረው ውድድር በ2024 በሦስት ደረጃ ተከፍሎ 60 ክለቦችን የያዘ ሆነ። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልነበረም። ክለብ መጨመር ማለት የውድድሩን ሠንጠረዥ ማስረዘም ሳይሆን ክለቡን በሕዝብ መካከል መትከል ነው። ጃፓኖች ይህን መርህ ከመነሻው ያውቁት ነበር፤ ክብደቱን በሚገባ የተረዱት ግን አንድ ክለብ ካጡ በኋላ ነው።

ከጄ ሊግ በፊት የነበረው ብሔራዊ ሊግ የተመሠረተው በ1965፣ የጀርመናዊውን አሠልጣኝ የዴትማር ክራመርን ምክር ተከትሎ፣ በ8 ቡድኖች ነበር። ቡድኖቹ የትላልቅ ኩባንያዎች ሲሆኑ ተጫዋቾቹም የኩባንያዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። ጃፓን በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ ካገኘች በኋላ የሕዝቡ ስሜት ለጥቂት ጊዜ ቢነቃቃም፣ ውሎ አድሮ መቀዝቀዙ አልቀረም። የከተማ ነዋሪ የአንድን ፋብሪካ ቡድን እንደ ራሱ አድርጎ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም።

የአዲሱ ሊግ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሳቡሮ ካዋቡቺ ይህን ሥርዓት ለመለወጥ ጥብቅ ደንብ አወጡ። ማንኛውም ክለብ የራሱ ከተማ፣ ቢያንስ 15,000 ሰው የሚይዝና መብራት ያለው ስታዲየም፣ እንዲሁም የወጣቶች ቡድን እንዲኖረው ተወሰነ። ክለቡ የሚጠራውም በኩባንያው ሳይሆን በከተማው ስም እንዲሆን ተደረገ። በዚህ የተነሣ የቬርዲ ባለቤት ከነበረው ከዮሚዩሪ ድርጅት ጋር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ካዋቡቺ ግን ከአቋማቸው አልተናወጡም።

የደንቡን ጥቅም ካሺማ በግልጽ አሳየች። ይህች ከቶኪዮ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ነዋሪዋ ከ50 ሺህ በታች የነበረ ከተማ ስትሆን፣ ቡድኗም በሁለተኛው ምድብ የሚጫወት የብረታ ብረት ኩባንያ ቡድን ነበር። ካዋቡቺ የመመረጥ ዕድሏን ከመቶ 99.9999 እጅ የማይሆን ነው ብለውት ነበር። ከተማይቱ ግን ጣሪያ ያለው ስታዲየም ሠርታ ከአሥሩ አንዷ ሆነች። ብራዚላዊው ዚኮ የተሰለፈበት ካሺማ አንትለርስ በ1993 የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ፤ እስከ 2016 ድረስም 8 ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።

በዚህ ደስታ መካከል የሊጉ በር ለአዳዲስ ክለቦች ተከፈተ። በ1994 የክለቦቹ ቁጥር 12፣ በ1995 14፣ በ1996 16፣ በ1997 17፣ በ1998 ደግሞ 18 ደረሰ። የተመልካቹ ጉዞ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነበር። በ1994 በአማካይ 19,598 የነበረው የአንድ ጨዋታ ተመልካች በ1997 ወደ 10,131 ወረደ። የአዲስነቱ ጣዕም በረደ፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚም ተዳከመ። ስማቸውን ከክለቦቹ ላይ ያነሡት ኩባንያዎች ኪሣራቸውን መሸፈናቸውን ግን አላቋረጡም ነበርና፣ እነርሱ ሲቸገሩ ክለቦቹም አብረው ተናጉ።

መከራው በ1998 በዮኮሃማ ላይ ወደቀ። የዮኮሃማ ፍሉግልስ ደጋፊ ከነበሩት ሁለት ኩባንያዎች አንደኛው፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ፣ ራሱን አገለለ። ሁለተኛው፣ የአየር መንገዱ፣ ሸክሙን ብቻውን ለመሸከም ባለመቻሉ ክለቡ ከከተማው ተቀናቃኝ ከማሪኖስ ጋር እንዲዋሐድ በኦክቶበር ወር ተነገረ። ደጋፊዎች ፊርማ አሰባስበው ቢማጸኑም ውሳኔው አልተለወጠም። ተጫዋቾቹ ግን መፍረሱ የተወሰነውን ክለብ ማልያ ለብሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ ውድድር እስከ ፍጻሜው ዘለቁ። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1999፣ ሊጉ በተከፈተበት በዚያው ብሔራዊ ስታዲየም፣ ሺሚዙ ኤስ-ፐልስን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ፤ ፍሉግልስም ከዚያ ጨዋታ በኋላ የለም። በማሪኖስ ስም ላይ የተጨመረችው አንዲት ፊደል ብቻ መታሰቢያው ሆና ቀረች።

ሊጉ ከዚህ በኋላ በሩን ባይዘጋም አገባቡን ለወጠ። በ1999 በ10 ክለቦች ሁለተኛ ምድብ ተቋቋመ፤ አዲስ ክለብም በቀጥታ ወደ ላይኛው ደረጃ መግባቱ ቀርቶ ከታች ተነሥቶ እየጠነከረ እንዲወጣ ተደረገ። ከ2013 ጀምሮ ሒሳብን ጭምር የሚመረምር የክለብ ፈቃድ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2014ም ሦስተኛው ምድብ ተጨመረ። ትንንሽ ከተሞች በአቅማቸው የሚቆሙበትን እርከን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

የፍሉግልስ ደጋፊዎችም ወደ ማሪኖስ አልሄዱም። ገንዘብ አዋጥተው ዮኮሃማ ኤፍ ሲ የተባለ ክለብ መሠረቱ። ክለቡ በ2001 ሁለተኛውን ምድብ ተቀላቀለ፤ በ2006 የምድቡ ሻምፒዮን ሆኖ በ2007 ወደ አንደኛው ወጣ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ማሪኖስን 1 ለ 0 ረታ። በውድድሩ መጨረሻ ግን የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ተመልሶ ወረደ። ይህ መውረድ በ1999 ከደረሰው መጥፋት እጅግ የተለየ ነበር፤ ከታች የሚያርፍበት ምድብ፣ ከጎኑም የማይለየው ባለቤት ነበረውና።