የማረፊያ ጎማ አመልካች ብልሽት

የማረፊያ ጎማ አመልካች ብልሽት አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ፣ ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን የሚያሳየው መብራት ሳይበራ ሲቀር ወይም የተሳሳተ ምልክት ሲሰጥ የሚፈጠር ችግር ነው። ችግሩ ሁለት መልክ አለው፦ ጎማው በእርግጥ አልወረደም ወይም አልተቆለፈም፤ አለዚያም ጎማው በትክክል ወርዶ የተበላሸው አምፖሉ፣ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ብቻ ነው። አብራሪዎች ከመቀመጫቸው ሆነው ጎማውን ማየት ስለማይችሉ ዋናው ሥራቸው ሁለቱን መለየት ነው።

አሠራር

አብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አንድ የአፍንጫና ሁለት ዋና የማረፊያ እግሮች አሏቸው። እግሮቹን ብዙውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሳቸው የሃይድሮሊክ ግፊት ነው። በብዙ ዓይነቶች ላይ አረንጓዴ መብራት እግሩ ወርዶ መቆለፉን፣ ቀይ መብራት ደግሞ ገና በመንገድ ላይ መሆኑን ወይም ከእጀታው ትእዛዝ ጋር አለመስማማቱን ያመለክታል። ሁሉም መብራቶች ከጠፉ እግሮቹ ተሰብስበው ተቆልፈዋል ማለት ነው። አንድ አምፖል እንዳያሳስት አንዳንድ አውሮፕላኖች ተጨማሪ አመልካች አላቸው። ለምሳሌ በቦይንግ 737 ጣሪያ ላይ ሁለተኛ የአረንጓዴ መብራቶች ስብስብ ይገኛል፤ ከሁለቱ በአንዱ አረንጓዴ ከታየ እግሩ እንደተቆለፈ ይቆጠራል።

የአብራሪዎች እርምጃ

ዝርዝሩ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው።

1. ማረፉን ትቶ እንደገና ከፍ ማለትና ለመሬት ቅርብ ያልሆነ ከፍታ መያዝ።
2. ሥራ መከፋፈል፦ አንዱ አብራሪ ማብረሩን ብቻ ይከታተላል፤ ሌላው ችግሩን ይመረምራል።
3. ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅና በአንድ ቦታ እየዞሩ ለመቆየት ፈቃድ መጠየቅ።
4. የቀረውን ነዳጅ አስልቶ፣ የግድ ማረፍ የሚገባበትን ሰዓት አስቀድሞ መወሰን።
5. በመመሪያው መሠረት አመልካቹን መፈተሽና፣ ካስፈለገ በአማራጭ ዘዴ ጎማውን ማውረድ። በብዙ አውሮፕላኖች ይህ ዘዴ መቆለፊያውን በመልቀቅ እግሩ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ያደርጋል።
6. ጥርጣሬው ካልተወገደ የአደጋ ጊዜ ማወጅ፣ መንገደኞችን ማዘጋጀትና የእሳት አደጋ መኪናዎች ባሉበት ማረፍ።

በመቆጣጠሪያ ማማ አጠገብ ዝቅ ብሎ ማለፍ ጎማው መውረዱን ለማየት ይረዳል፤ መቆለፉን ግን ከመሬት ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም።

በታሪክ የሚጠቀሱ አደጋዎች

ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ማያሚ ሊያርፍ ሲል የአፍንጫው ጎማ አረንጓዴ መብራት አልበራም። አብራሪዎቹ በ2,000 ጫማ ከፍታ አውቶፓይለት አብርተው ሁሉም በአምፖሉ ላይ አተኮሩ። አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን ማቆሙን ያስተዋለ ስላልነበረ አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ ወርዶ ረግረግ ላይ ተከሰከሰ፤ 101 ሰዎች ሞቱ። በምርመራ ጎማው ወርዶ እንደነበረና የተቃጠለው አምፖሉ ብቻ መሆኑ ታወቀ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 በፖርትላንድ አቅራቢያ የጎማ ችግር እየመረመረ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። በዚህም ጎማው ወርዶ ነበር።

አመልካቹ እውነቱን የተናገረበት ምሳሌም አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላን በዴንማርክ ኦልቦርግ ሲያርፍ፣ አልተቆለፈም የተባለው የቀኝ ዋና እግር ታጠፈ። አብራሪዎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ስለነበር የሞተ ሰው የለም። መንስኤው በእግሩ ማንቀሳቀሻ ውስጥ የነበረ የዝገት ጉዳት ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላኖችን በአገር ውስጥ በረራዎች ይጠቀማል፤ አብራሪዎችም አዲስ አበባ በሚገኘው የአቪዬሽን ማሠልጠኛ በበረራ ሲሙሌተር ይሠለጥናሉ።

በአገሪቱ ከፍታና የመሬት አቀማመጥ ምክንያት «እንደገና ከፍ ማለት» ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ይሆናል። የድሬዳዋው ከዚህ ዝቅ ቢልም በሞቃት አየር ሞተርና ክንፍ አቅማቸው ይቀንሳል። ከድሬዳዋ በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ተራሮች ይነሳሉ፤ በስተሰሜንና የባቡር ሐዲዱ በሚያልፍበት በምዕራቡ በሁርሶ በኩል ግን መሬቱ ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዙሪያ እየዞረ ችግር የሚመረምር አብራሪ ከፍታውን ለአፍታም መዘንጋት የለበትም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር የደረሰው የበረራ 604 አደጋ ከአመልካች ብልሽት የተለየ ነው። ቦይንግ 737ቱ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው እንደተሰበሰበ በሆዱ ለማረፍ ተገደደ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ያስከተለው ለውጥ

የማያሚና የፖርትላንድ አደጋዎች የበረራ ሠራተኞችን የቡድን ሥራ ሥልጠና ለማስፋፋት ምክንያት ሆነዋል። ሥልጠናው ረዳት አብራሪው ያየውን ስጋት ለካፒቴኑ በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ያስተምራል። አንድ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት አውሮፕላኑን የሚያበር ሰው መኖሩን ማረጋገጥ የሥልጠናው መሠረታዊ ትምህርት ነው።