ሰርዶ ይበቅላል፤ ሰፈርስ?

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ አልተሳካላትም። ገበሬ አረም ብሎ ይነቅለዋል፤ ሌላው ዓለም «የበርሙዳ ሣር» ብሎ ግቢ ያለብሰዋል። ሰርዶ ቢቆራርጡትም በየአንጓው ሥር እየሰደደ እንደገና ይበቅላል።

ሰፈርስ? ልደታን እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር ማረፊያው የልደታ ሜዳ ነበር። ሜዳው ለጄት ስላልበቃ በ1950ዎቹ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ዞረ፤ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ስም ግን እዚያው ቀረ። በ2000ዎቹ ደግሞ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆመ፤ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ሰው ግን ሰርዶ አይደለም። እድርና ጉርብትና ተቆርጠው በወደቁበት ሁሉ አይበቅሉም። ዛሬ የመንገድ ዳር ሣር እንዲይዝ ውኃ እናጠጣለን፤ የተነሣው ሰው ሥር እንዲይዝስ ምን አደረግን?