ብልጭታው ሳይቀድም ሳይዘገይ፦ የሞተር ማቀጣጠያ ታሪክ

የቤንዚን ሞተር ታሪክ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠራው ኒኮላውስ ኦቶ ነው። ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ አጠገብ፣ ዶይትስ በሚባለው ስፍራ በ1876 የሠራው ባለአራት ምት ሞተር ዛሬ መንገዱን ለሞሉት የቤንዚን መኪኖች አባት መሆኑ አያከራክርም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ያ ሞተር ካንዴላ ያልነበረው መሆኑ ነው። የታመቀውን ጋዝ የምትለኩሰው ከሲሊንደሩ ውጪ ስትነድ የምትቆይ አንዲት የጋዝ ነበልባል ነበረች። ተንሸራታች መዝጊያ በየዙሩ ከዚህች ነበልባል ይቀበልና እሳቱን ወደ ውስጥ ያሻግራል።

ኦቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ከረግረግ የሚወጣ ጋዝ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ብልጭታ እያስነሳ ማፈንዳት የጀመረው በ1770ዎቹ ነበር። የስዊዘርላንዱ ኢሳክ ደ ሪቫዝም በሃይድሮጂን ለሚሠራና በብልጭታ ለሚለኮስ ሞተር በ1807 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ኤትየን ሌኗር በ1860 ፓሪስ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው የጋዝ ሞተር ደግሞ ባትሪ፣ ቦቢናና በሸክላ የተለበጠ ካንዴላ ነበረው። እንግዲህ ኦቶ ከሌኗር 16 ዓመት በኋላ መጥቶ ብልጭታን ትቶ ወደ ነበልባል የተመለሰው ለምንድን ነው? መልሱ ባትሪው ይደክም፣ መገናኛዎቹ ይቃጠሉ፣ ብልጭታው አንዴ መጥቶ አንዴ ይቀር ስለነበረ ነው። ብልጭታ ማስነሳት ቀላል ነበር። በሚፈለግበት ቅጽበት፣ በየዙሩ ሳያጓድሉ ማስነሳት ግን ገና የማንም እጅ ያልገባ ጥበብ ነበር። የማቀጣጠያ ታሪክ በእኔ አስተያየት በዋናነት የጊዜ ታሪክ ነው።

ይህን ለማየት ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ሲለኮሱ በአንድ አፍታ ተሟጠው አያልቁም። ከካንዴላው ጫፍ ትንሽ የእሳት እምብርት ይነሳል፤ እያደገም ወደ ግድግዳው ይጓዛል። ጉዞው ጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይፈጃል። ግፊቱ ፒስተኑን በሚገባ እንዲገፋው ከፍታው ላይ መድረስ ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ነክቶ ቁልቁል ሲጀምር፣ ክራንክሻፍቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ከዞረ በኋላ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ገና ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለ መነሳት አለበት። ምን ያህል ቀድሞ? ይህ በፍጥነቱ ይወሰናል። በደቂቃ 200 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ3 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ከ4 ዲግሪ ያነሰ ነው የሚዞረው። በደቂቃ 1,800 ጊዜ የሚዞረው ግን በዚያችው ጊዜ 32 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ፍጥነት ሲጨምር የጋዙ መተረማመስ ቃጠሎውን ስለሚያፋጥነው ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። የኦቶ ሞተር በደቂቃ ከ200 ዙር ብዙም ስለማያልፍ ለዚህ ነገር መጨነቅ አላስፈለገውም። ችግሩ የመጣው ሞተሩ ከፋብሪካ ወለል ተነስቶ መንገድ ሲወጣ ነው፤ መንገድ ላይ የሚወጣ ሞተር ቀላል፣ ቀላል ሆኖም ጉልበት እንዲኖረው ፈጣን መሆን ነበረበትና።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1883 የመረጡት መፍትሔ የጋለ ቱቦ ነበር። አንድ ጫፏ የተደፈነ ትንሽ ቱቦ ከሲሊንደሩ ጋር ትገናኛለች፤ ከውጪ የበርነር እሳት አቅልቶ ያቆያታል። ፒስተኑ ጋዙን ሲያምቀው ትኩስ ድብልቅ ወደ ቱቦዋ ተገፍቶ ይለኮሳል። በዚህ ዘዴ ሞተራቸውን በደቂቃ 600 ዙር አደረሱት፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ጊዜውን የሚወስነው ማንም አልነበረም። እሳቱ የሚነሳው ቱቦዋ በጋለችው መጠን፣ ጋዙም በታመቀው ልክ ነበር። ቤንዚን ከጫነ ሠረገላ ጋር የተከፈተ እሳት ይዞ መሄድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም።

ካርል ቤንዝ በማንሃይም ሌላ መንገድ ያዘ። በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘችው ባለሦስት ጎማ መኪናው በባትሪ፣ በቦቢናና በካንዴላ ነበር የምትሠራው። ቤንዝ በስተርጅናው ሕይወቱን ሲተርክ ከገጠሙት ችግሮች ሁሉ ማቀጣጠያውን በላይ ያስቀምጠዋል፤ ብልጭታው ከቀረ የቀረው ብልሃት ሁሉ ከንቱ ነበር። ባለቤቱ በርታ በነሐሴ 1888 ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በነዳችበት ጊዜ የማቀጣጠያው ሽቦ ልባሱ ተልጦ አስቸግሯት በካልሲ ማሰሪያዋ እንደጠቀለለችው ቤተሰቡ በኋላ ተርኳል። በ1895 ፓሪስ ላይ የወጣችው የደ ዲዮን ቡቶን ባለሦስት ጎማ ሞተር ደግሞ በባትሪና በቦቢና ከ1,500 ዙር በላይ ሮጠች፤ ነጂው ብልጭታውን እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድምበትና የሚያዘገይበት እጀታም ነበራት። የጎደላት አንድ ነገር ነበር፦ ባትሪውን መንገድ ላይ የሚሞላ ዲናሞ። ባትሪው ሲያልቅ ጉዞውም ያልቃል።

ታሪኩ ወደ ሽቱትጋርት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ሮበርት ቦሽ በኅዳር 1886 አነስተኛ የኤሌክትሪክና የረቂቅ መካኒክ ሥራ ወርክሾፕ ከፈተ። በማግስቱ ዓመት አንድ ደንበኛ በዶይትስ ሞተሮች ላይ እንዳለው ያለ ማግኔቶ ይሠራለት ዘንድ ጠየቀው። ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፤ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኦቶ ከፋብሪካ ጋዝ መስመር ርቀው በፈሳሽ ነዳጅ ለሚሠሩ ሞተሮች ብሎ በ1884 ሠርቶት ነበር፤ የፈጠራ መብት ግን አልጠበቀውም። ቦሽ ይህን አረጋግጦ ሠራው፤ አሻሻለውም። ማግኔቶን የፈጠረው ቦሽ እንደሆነ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ መዝገቡ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ይህም የቦሽን ሥራ አያሳንሰውም። አንድን ዕቃ ከላቦራቶሪ ብልሃትነት አውጥቶ በሺህ የሚሸጥ፣ የማያሳፍር ምርት ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና። አንድ ሺሕኛው ማግኔቶ በ1896 ወጣ።

ያ ማግኔቶ ግን የተሠራው ለዘገምተኛ ሞተር ነበር። በ1897 እንግሊዛዊው ነጋዴ ፍሬድሪክ ሲምስ አንዲት ደ ዲዮን ቡቶን አምጥቶ ማግኔቶ ግጠሙላት አለ። ከባዱን ብረት በዚህች ሞተር ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ የማይታሰብ ነበር። መላውን ያገኘው የወርክሾፑ ኃላፊ አርኖልድ ሴሪንገር ነው፤ ብረቱን ባለበት አቁሞ በእርሱና በማግኔቱ መካከል ቀላል እጅጌ መሰል ሽፋን እንዲወዛወዝ አደረገ። መኪና ማግኔቶ አገኘ። የግራፍ ዜፔሊን የመጀመሪያው የአየር መርከብ በሐምሌ 1900 ሲነሳ የዳይምለር ሞተሮቹ የቦሽ ማግኔቶ ነበራቸው። በሃይድሮጂን የተሞላ ግዙፍ ከረጢት ሥር የጋለ ቱቦ ማንደድ ራስን ማጥፋት በሆነ ነበር።

የቀረው እንቅፋት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው መገናኛ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማግኔቶው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚሰጥ ብልጭታው የሚገኘው ሲሊንደር ውስጥ የተነካኩ ሁለት ብረቶችን በድንገት በማላቀቅ ነበር። ብረቶቹን የሚያላቅቀው ዘንግ፣ ምንጭ ብረት፣ ጥርስ በእሳቱ መሃል ይሠራል፤ ይበላል፤ ይላላል። ሲላላ ደግሞ ብልጭታው ጊዜውን ይስታል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሞተር አዲስ የዘንግ አሠራር መቀየስ ነበረበት። በ1901 ቦሽ ይህን ጣጣ የማስቀረቱን ሥራ በልጅነቱ እዚያው ሥራ ለተማረውና ከኮሌጅ ተመልሶ ለመጣው ወጣቱ ጎትሎብ ሆኖልድ ሰጠው። ሆኖልድ በጥቂት ወራት ውስጥ በአንዱ ብረት ላይ ሁለት ጥምጥም ሽቦ አኖረ፤ አንዱ ወፍራምና አጭር፣ ሌላው ቀጭንና እጅግ ረጅም። ከውጪ ያለች ፑንቲና የምትባል መገናኛ የመጀመሪያውን ስትቆርጠው በሁለተኛው ላይ የሚነሳው ከፍተኛ ቮልቴጅ የካንዴላውን ክፍተት ዘልሎ ይሻገራል። ሲሊንደር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቀረ። ቦሽ የፈጠራ መብቱን በጥር 1902 አስመዘገበ፤ ማግኔቶውንና ካንዴላውንም አብሮ ይሸጥ ጀመር። በ1906 መቶ ሺሕኛው ማግኔቶ ተሠራ። ሆኖልድ በ1918 ያንኑ ሽቦ የሚጠመጠምበትን ብረት በክብ ውስጥ ሥሎ ያወጣው ምልክት ዛሬም የኩባንያው ዓርማ ነው።

ከዚህ በኋላ ብልጭታ የሚያስቸግር ነገር መሆኑ ቀረ። ጊዜው ግን ገና በሰው እጅ ነበር። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው የፎርድ ሞዴል ቲ ነጂ ከመሪው ሥር ሁለት እጀታ ነበረው፤ የቀኙ ቤንዚን፣ የግራው ብልጭታ። ከመነሳቱ በፊት ግራውን ሽቅብ ገፍቶ ብልጭታውን ያዘገያል፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲፈጥን እየሳበ ያስቀድመዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲከብደው መልሶ ጥቂት ያዘገየዋል። ይህን የሚወስነው በጆሮው ነበር።

ነጂው ማዘግየቱን ከረሳ መዘዙ ከባድ ነው። በማኖቬላ ሲያስነሳ ሞተሩ የሚዞረው በጣም በዝግታ ስለሆነ ቀድሞ የመጣ ብልጭታ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ጋዙን ያቀጣጥላል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ማኖቬላውም ከሰውዬው እጅ ጋር ይመለሳል። ልምድ ያላቸው በግራ እጃቸው፣ ወደ ላይ እየሳቡ፣ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አድርገው ነበር የሚያዞሩት፤ ቢመታ እጀታው ከእጃቸው እንዲያመልጥ። አሜሪካዊው መኪና ሠሪ ባይረን ካርተር በ1908 የሞተው የአንዲት ሴት መኪና ለማስነሳት ሲረዳ ማኖቬላ መንጋጋውን መትቶት ነው የሚለው ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ እኔ በጥንቃቄ አስቀምጠዋለሁ፤ በአሳማኝ ሁኔታ የሚናገረው የሐኪሞቹ መዝገብ ነውና። ከእጅ አንጓ በላይ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት የሚሰበርበት ዓይነት በአጥንት ሕክምና ዛሬም «የሾፌር ስብራት» ይባላል።

ይህን ያስቀረው የኦሃዮው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ዴይተን ከተማ ውስጥ በአንድ ጋጣ ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ማቀጣጠያ ባትሪን መልሶ አመጣ፤ አንዲት ፑንቲና በትክክለኛው ቅጽበት ተላቃ አንድ ጠንካራ ብልጭታ እንድትሰጥ አደረገ። ካዲላክ በ1910 ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው። በ1912 ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከዲናሞው ጋር ወጣ፤ የባትሪው የቆየ ድክመትም ተወገደ። ማግኔቶ ከመኪና ቀስ በቀስ ወጥቶ አውሮፕላን ላይ ቀረ።

ጊዜውን ከነጂው እጅ የወሰዱት ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የተተከሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጪ የሚወረወሩ ትንንሽ ክብደቶች ብልጭታውን ያስቀድማሉ፤ ከመምጠጫው ቱቦ ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን ደግሞ ሞተሩ ጭነት ሲቀለው ተጨማሪ ያስቀድማል፤ የሳሳ ድብልቅ ቃጠሎው ይዘገያልና። በዚሁ ምክንያት ከባሕር ጠለል ወደ አዲስ አበባ ከፍታ የወጣ የድሮ ሞተር ብልጭታው ትንሽ ቢቀደምለት ይሻለው ነበር። ፑንቲናዋን የሚገፋው ተረከዝ ከመፋተግ ብዛት ሲያልቅ ክፍተቷ ስለሚጠብ ብልጭታው በየሺው ኪሎ ሜትር ትንሽ ትንሽ ይዘገያል፤ መካኒኮች ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖሩት ይህን በማስተካከል ነው።

ኬተሪንግ ግን ክስም ነበረበት። የካዲላክ ሞተሮች ዳገት ላይ ሲንኳኩ ባላንጣዎቹ የባትሪው ብልጭታ ነው ብለው ወቀሱት። ከባልደረባው ከቶማስ ሚድግሊ ጋር ከ1916 ጀምሮ ሲመረምሩ ጥፋቱ የነዳጁ መሆኑን አገኙ፤ ነበልባሉ ገና ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ ራሱ ይፈነዳ ነበር። ብልጭታ ማስቀደምና ጠንክሮ ማመቅ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ወሰናቸው ይህ መንኳኳት ነው። ሚድግሊ በታኅሣሥ 1921 ጥቂት ጠብታ የእርሳስ ውሕድ ድምፁን እንደሚያስቀር አገኘ። አልኮልም እንደሚያስቀር ያውቁ ነበር፤ እርሳሱ ግን ርካሽ ነበር፤ የፈጠራ መብቱም በእጃቸው ነበር። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርዚው ቤይዌይ ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች በዚህ መርዝ አብደው ሞቱ። ይህን ካዩ በኋላም ምርቱ መቀጠሉ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ይቅር የማልለው ምዕራፍ ነው።

እርሳሱን ከመኪና ያስወጣው በመጀመሪያ የጭስ ማጣሪያው ነው፤ በ1975 ሞዴሎች በአሜሪካ የተስፋፋው ይህ መሣሪያ እርሳስ ሲነካው ይበላሻል። ፑንቲናም በዚያው አሥርት ዓመት ለትራንዚስተር ቦታዋን ለቀቀች። በ1979 ቦሽ በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ የገጠመው ሞትሮኒክ ነዳጁንም ብልጭታውንም በአንድ ኮምፒውተር ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተስፋፋው ሌላው ዕቃ በሞተሩ አካል ላይ የሚታሰር አንድ ክሪስታል ነው፤ የመንኳኳትን ንዝረት ሲሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፤ ንዝረቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ያስቀድመዋል። በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መሸጥን ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ዓመቱም 2021 ነበር።