ለጅብ የሚቀርበው
ዓሣ አጥማጅ ማጥመጃውን እንደ ውኃው እንደሚመርጥ፣ በእኛ በሐረር ጀጎልም ለጅብ የሚቀርበው እንደ ቀኑ ይለያያል። እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ ጅብ ለእኔ የሌሊት ጎረቤቴ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች «ወራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ እንላቸዋለን፤ በዚያ ገብቶ የመንገዱን አጥንት ያጸዳል።

የቆየው ግብዣ ገንፎ ነው። በዓሹራ፣ ሙሐረም 10፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ በአውሊያዎቹ፣ በቅዱሳኑ፣ ስፍራ ለጅቦቹ ይቀርባል። አባቶቻችን ሲተርኩ፣ በአንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ጅቦቹ ሰው ላይ ሲነሡ ቅዱሳኑ በገንፎ አስታረቋቸው። ዛሬም ጅቦቹ ከገንፎው ከግማሹ በላይ ከበሉ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል፤ ጨርሰው ከላሱት ወይም ካልነኩት ግን ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ይጠቁራል።

ለእንግዳ እያሳዩ በየምሽቱ ሥጋ ማብላት ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን አመጣሽ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ዩሱፍ ሙሜ ሳሊህ ከግንቡ ውጭ ቅርጫታቸውን ይዘው ጅቦቹን በስም ይጠሩ ነበር፤ ዛሬ ልጃቸው አባስ ይጠራል። ሥጋው በአጭር እንጨት ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ደፋሩ ጅብ ከእጅ፣ ፈሪው ከመሬት ይወስዳል። ጎብኚው የሚወደው ይህንን ነው። እኔ ግን ለገንፎው አደላለሁ፤ የሚያየው እንግዳ ባይኖርም ይቀርባልና።