መስመሩን ማን አሰመረው? የኢትዮጵያ መንገዶችና የሕዝብ ምክክር

አዲስ ማገናኛ መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ የአካባቢው ሰው ወሬውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከቀያሾች ነው። ባለሦስት እግሩ መሣሪያ ማሳ ዳር ይቆማል፤ ችካል ይመታል፤ አጥርና ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ስብሰባ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የትናንት አይደለም። የአገራችን መንገዶች ታሪክ ከሞላ ጎደል ትእዛዝ ከምክክር የቀደመበት ታሪክ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ ገደሉን እያስቆረጡና ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ነበር። የበሽሎን ሸለቆ ያሻገረው ያ መንገድ ዛሬም ያስደንቃል፤ መስመሩን የወሰነው ግን ጦርነት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ተሠራ፤ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጡት የእንፋሎት መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ ቀረ። ያኔ የመንገድ ነገር የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር፤ የገበሬው ድርሻ ጉልበቱን ማዋጣት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ወረራ መንገድ የሠራው አገሪቱን በጦር ለመያዝ ነው። የሊማሊሞ ጠመዝማዛና የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በተወረረ ሕዝብ ላይ የተሰመረ መስመር ምክክር አያውቅም። ሆኖም ነፃነት ከተመለሰ በኋላም ብዙዎቹ አውራ መንገዶች ያንኑ ፈር ተከተሉ።

በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ዘመኑ የመሐንዲሱ ሆነ። ዓለም ባንክ አምስት ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ሥራውን አደራጁ። ቡና አምራቹን አካባቢ ከገበያ ማገናኘት፣ የተበላሸውን መጠገን፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን ማፍራት ትልቅ ግብ ነበር፤ ብዙውም ተሳክቷል። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ ደግሞ ለመንገድ መሬት ማግኘት ለመንግሥት ቀለለ። የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጠው መረብ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ ተሻገረ። ወላዶችን ከጤና ጣቢያ፣ እህልን ከገበያ ያገናኘ ሥራ ነውና ሊከበር ይገባዋል።

ሕጉም ተራምዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና 92 ሕዝቡ በሚመለከቱት የልማት ሥራዎች ላይ አስተያየቱን የመስጠት መብት እንዳለው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አዘዘ። የካሳ አዋጁ ቁጥር 455/1997 የተነሺው አርሶ አደር ካሳ በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ እንዲሰላ አድርጎ ነበር፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት ያባዛል፤ ተነሺዎችንም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከርን ግዴታ ያደርጋል።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ መሬት ላይ ሲወርድ ነው። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ሲጠናቀቅ ለመኪና ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ለእግረኛው ግን አጥር ሆነበት። በእግር ይደረስበት የነበረ እድር፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ከመንገዱ ማዶ ቀረ፤ ከሩቁ ድልድይ ይልቅ አጥሩን መዝለል የመረጡ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ሰው በየቀኑ የት የት እንደሚሻገር ሰፈሩ ያውቀው ነበር።

የገጠሩም ስብሰባ ይኸው ነው። መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ ያስረዳል፤ ታዳሚው ይፈርማል፤ ቃለ ጉባኤው ይታተማል። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ተነሥተው «ልጄ፣ በነሐሴ ውሃው የሚወርደው በዚህ በኩል ነው፤ እዚህ ጋ ቱቦ ካልተቀበረ ጎርፉ ቤታችን ይገባል» ሲሉ ንድፉ ካለቀ ምን ይፈይዳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የመቃብር ቦታው፣ የከብቱ መሻገሪያ፣ ወደ ምንጩ የሚያደርሰው የእግር መንገድ በካርታ ላይ የሉም፤ ያሉት በሰዎቹ እውቀት ውስጥ ነው። ለፕሮጀክት መጓተት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው «የወሰን ማስከበር ችግር»ም ከዚሁ ይመነጫል። በጊዜው ያልተጠየቀ ባለይዞታ ዶዘሩ ሲመጣ ይቆማል፤ ሥራ ተቋራጩ ለቆመበት ቀን ያስከፍላል፤ ሂሳቡ ተመልሶ የሕዝብ ነው።

ስለዚህ ለሚታቀደው ማገናኛ መንገድ ሁሉ ምክክሩ መጀመር ያለበት ሁለት ሦስት አማራጭ መስመሮች ገና ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ነው። ስብሰባው ከአጨዳና ከገበያ ቀን ይራቅ፤ ሴቶች፣ ተከራዮችና እረኞች በስማቸው ይጠሩ፤ የተነገረው ሁሉ ይመዝገብ። ከሁሉም በላይ፣ የትኛው ሐሳብ ተቀባይነት እንዳገኘና የትኛው ለምን እንደቀረ የሚገልጽ መልስ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለዚያው ቀበሌ ይነበብ። ይህ ጥቂት ወራት ይወስድ ይሆናል። በችካል የጀመረ ሥራ ግን በክርክርና በካሳ ጥያቄ ከዚያ የበለጠ ዓመት ሲበላ አይተናል።