በካምፓላ ኮረብቶች ላይ የተሠሩ ትምህርት ቤቶችና የምድራቸው ጉዳይ

አንድ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በግድግዳው ጥንካሬና በጣራው ማማር ብቻ አይደለም፤ በአጥሩ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከአጥሩ ውጭ ካለው ምድርና ሕዝብ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረም ይመዘናል። ይህን ጉዳይ በታሪክ ለመመርመር ለሚፈልግ መምህር የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላና አካባቢዋ ብዙ ቁም ነገር ያስተምራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊደል ወደ ቡጋንዳ ከመግባቱ በፊት የአገሩ ልጅ ትምህርት የሚያገኘው ከአባቱ፣ ከእናቱና ከመንደሩ ነበር። ሴት ልጅ ከእናቷ ጋር የሙዝ ተክሉን ትኮተኩታለች፤ ወንድ ልጅ ቤት መሥራትን፣ ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ልጡን ገፎ በመቀጥቀጥ ልብስ ማውጣትን ይማራል። ይህ የልጥ ልብስ ጥበብ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። መንገድ ለመጥረግና ለመሳሰለው የጋራ ሥራ ሕዝቡ በአንድነት የሚወጣበት «ቡሉንጊ ብዋንሲ» የሚሉት ልማድም ነበራቸው፤ ትርጉሙ የአገር በጎነት ማለት ሲሆን፣ የእኛን አገር ደቦና ጅጌ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በ1878 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የተላከው እስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ማካይ ቡጋንዳ ሲደርስ፣ ንባብን ከእጅ ሥራ አልለየም። ማተሚያውንና የብረትና የእንጨት መሥሪያውን ጎን ለጎን አድርጎ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ በናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ የተሠራው ካቴድራል ደግሞ የሕዝቡ የራሱ ሥራ ነበር፤ መኳንንቱም ተራው ሕዝብም ሸክላውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ኮረብታው አወጡ። ቤቱ በ1904 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ነገር ግን ጣራው ሣር ስለነበር በ1910 ዓ.ም. መብረቅ ወድቆበት ተቃጠለ። ሕዝቡ ግን እንደገና ሠራው፤ አዲሱም በ1919 ዓ.ም. ተመረቀ። ሰው በገዛ ትከሻው ተሸክሞ የሠራውን ቤት እንደ ራሱ ቤት ይቆጥረዋልና፣ ቢፈርስበት መልሶ ለማቆም አይታክትም።

ታላላቆቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተመሠረቱት በዚሁ ዘመን ነው። ከካምፓላ በስተ ሰሜን በሚገኘው በጋያዛ በ1905 ዓ.ም. የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጀመረውም በ4 ልጃገረዶች ነበር። ልጃገረዶቹ ከመጽሐፉ ጋር መቆፈሪያውን ይዘው የሚበሉትን ከአትክልታቸው ያገኙ ነበር። ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዘመናችንም የትምህርት ቤቱ እርሻ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚመጡ ተማሪዎች ጭምር መማሪያ ሆኗል።

በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ለመኳንንት ልጆች የታሰበው ኪንግስ ኮሌጅ በቡዶ ኮረብታ ላይ ተመሠረተ። ቦታው ያለ ምክንያት የተመረጠ አልነበረም። የቡጋንዳ ነገሥታት የሚነግሡበት ናጋላቢ በዚያው በቡዶ ነውና፤ ካባካ ሙቴቢ 2ኛም በ1993 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው ነው። ከዚህ የተነሣ አዲሱ ትምህርት ሕዝቡ በሚያከብረው አፈር ላይ ቆመ፤ ወላጅም ልጁን ወደ ባዕድ ስፍራ እንደሰደደ አልተሰማውም።

ማኬሬሬ በ1922 ዓ.ም. ሲከፈት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር፤ 14 ተማሪዎች አናጢነትን፣ ግንበኝነትንና መካኒክነትን ይማሩበት ጀመር። በ1924 ዓ.ም. የፌልፕስ ስቶክስ ኮሚሲዮን በምሥራቅ አፍሪካ ሲዘዋወር ኢትዮጵያንም ኡጋንዳንም ጎበኘ። የኮሚሲዮኑ መሪ ቶማስ ጄሲ ጆንስ የትምህርት መሠረቶች አራት ናቸው ይል ነበር፤ እነርሱም ጤና፣ የአካባቢን ሀብት መጠቀም፣ የቤት አያያዝና የዕረፍት ጊዜን በመልካም ማሳለፍ ናቸው። በማግሥቱ ዓመት የኡጋንዳ ትምህርት መሥሪያ ቤት በኤሪክ ሀሲ ዲሬክተርነት ተቋቋመ። ይኸው ሰው በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የትምህርት አማካሪ ሆኖ ስላገለገለ፣ የሁለቱ አገሮች የትምህርት ታሪክ በዚህም ይገናኛል።

የኮሚሲዮኑ ሐሳብ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚነቀፍ አይመስልም። በሕዝቡ ዘንድ ግን በጥርጣሬ ታየ፤ ጥርጣሬውም ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ በቡጋንዳ ልማድ መቆፈር የሴት ሥራ ስለነበር የባላባት ልጅ መቆፈሪያ እንዲይዝ ማድረግ እንደ ውርደት ተቆጠረ። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ጸሐፊነትና ሹመት የሚገኘው በፊደልና በእንግሊዝኛ መሆኑን ወላጅ በዓይኑ ያይ ነበር፤ የነጮቹም ልጆች ለእርሻ ሳይሆን ለመጽሐፍ ሲዘጋጁ ይመለከት ነበር። ስለዚህ «የእናንተ ልጆች አፈር ይማሩ» ሲባል፣ በሩ በስተ ውጭ ተዘግቶ ይቅሩ እንደ ማለት አድርጎ ሰማው። ስለ አፈሩ የሚናገረው ሰው የወንበሩንም መንገድ ክፍት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ የተገኘው ባልተጠበቀ ወገን ነው። ማርጋሬት ትሮዌል የተባለች እንግሊዛዊት በ1937 ዓ.ም. በማኬሬሬ የሥዕል ትምህርት ጀመረች። ተማሪዎቿ የአውሮፓን ሥዕል እንዲገለብጡ አላደረገችም፤ የመንደራቸውን ኑሮ፣ እርሻውን፣ ገበያውን፣ ተረቱን እንዲሥሉ አደረገች እንጂ። ይህን በማድረጓም ትምህርቱን ከኮሌጁ ደረጃ አላሳነሰችውም። ከደቀ መዛሙርቷ አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ማሎባ በ1962 ዓ.ም. በካምፓላ መካከል የቆመውን የነጻነት ሐውልት ሠራ። የአካባቢው ሕይወት የከፍተኛ ትምህርት ምንጭ ሲሆን ሰውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የከፍተኛ ትምህርት ምትክ ሲሆን ግን እንደሚያሳንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1997 ዓ.ም. የኡጋንዳ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ባወጀ ጊዜ፣ የተማሪው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ገደማ ወደ 5 ሚሊዮን አለፈ። ክፍል ስላልበቃ በብዙ ስፍራ ልጆች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እንዲህ ያለው የዛፍ ጥላ ከድኽነት የመጣ እንጂ ታስቦበት የተደረገ አልነበረም። የአገራችን የቆሎ ተማሪ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች መካከል ጎጆውን ቀልሶ፣ ከመንደሩ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ሲቆጥር የነበረው ግን ምንም እንኳ ድኻ ቢሆን ሥርዓት ነበረው፤ መምህሩም፣ ደብሩም፣ መንደሩም የየድርሻቸውን ያውቁ ነበርና።

እንግዲህ ለሕዝብ የሚሠራ ትምህርት ቤት ፕላኑ ከመነደፉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። መሬቱ ለሕዝቡ ምን ትርጉም አለው? ሲሠራ ሕዝቡ በእጁ ምን ያዋጣል? አትክልቱና የእጅ ሥራው ልጁን ወደ ላቀ ዕውቀት ያደርሱታል ወይስ ካለበት ያስቀሩታል? የመጀመሪያውን ቡዶ፣ ሁለተኛውን ናሚሬምቤ፣ ሦስተኛውን ጋያዛና ማኬሬሬ በየበኩላቸው መልሰውታል። የቡዶ ትምህርት ቤት መፈክር በሉጋንዳ ቋንቋ «ጋክያሊ ማባጋ» ነው፤ ሥራው ገና ጅምር ነው እንደ ማለት ነው። ይህ ቃል የኮረብታው ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ኀላፊነት የወደቀባቸው መምህራንና ሹማምንት ሁሉ በያሉበት ሊያስቡት የሚገባ ቃል ነው።